እናቴን የገደላት ምች አልነበረም

ቢቸና ገበያ ጤፍ እሸጣለሁ። ማለቴ እሸጥ ነበር፤ አሁን ሱቁን የያዘው ባለቤቴ ሙላት ነው። እሱ ሲመዝን ስለሚያበዛ ደንበኛ ይወደዋል፣ ትርፍ ግን ዞር ብሎም አያየው። እኔ ከከረጢቱ እፍኝ ዘግኜ መዳፌ ላይ እፍ ስልበት ስንቱ ጤፍ፣ ስንቱ አፈር እንደሆነ እነግርሻለሁ። በዚህ እጄ የገዛ ጡቴን አንድ ቀን እንኳ ሳልዳስስ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነበር።

አስቀድሜ ልናገር፤ ይህን የምጽፈው ድኜ አይደለም። ድኜ ነበር፣ ተመለሰብኝ። መጨረሻው እልል የሚያሰኝ ታሪክ የምትፈልግ እህት ካለች ከዚሁ ትመለስ፣ አልቀየማትም። ለቀረችው ግን፣ አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ከራሴ ሞት ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ የእሷ ነገር ነው።

ነገሩ የጀመረው ገላዬን ስታጠብ ነው። ሳሙናው ግራ ጡቴ ላይ አንድ ነገር ነክቶ ዘለለ። ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር ናት፤ ብጫናት አታምም። ባለማመሟ ደስ አለኝ። እኛ ዘንድ በሽታ ማለት የሚያስተኛ ነው፤ ቆሞ የሚሄድ ሰው ታመምሁ ቢል ሥራ ጠልቶ ነው ይባላል። ጎረቤቴን ሳማክራት «ወተት ቋጥሮ ነው» አለችኝ። ጡት ያስጣልሁት የመጨረሻ ልጄ እኮ ጢም አብቅሏል። የማን ወተት ነው ብዬ አልጠየቅኋትም፤ መልሱ ስለተመቸኝ ይዤው ሄድሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ሽምብራዋ ባቄላ አከለች፤ የጡቴ ጫፍም ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ። ያኔ አንድ ክሊኒክ ሄድሁ። የተቀበለኝ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው። «የቱ ጋ ነው?» አለኝ፤ በነጠላዬ ላይ አሳየሁት፣ በነጠላዬ ላይ አየ። እሱም አፈረ፣ እኔም አፈርሁ። «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ የሚዋጥ ሰጠኝ። ውጬ ጨረስሁ፤ እንደገና ሰጠኝ፤ እንደገና ጨረስሁ። እኛ ስንተፋፈር እሷ ታድግ ነበር።

ከዚያ አዋቂ ናቸው የተባሉ ሰውዬ ቅጠል ወቅጠው ለጠፉልኝ፤ ቆዳዬን ላጠውና በሽታዬ ሁለት ሆነ። ከዚያ ጠበል ገባሁ። ጠበሉን አልወቅስም፤ በዚያ ሰሞን ፍርሃቴን ያበረደልኝ እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከጠበሉ ስወጣ ግን የነፍስ አባቴ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ጠበሉም የእግዜር ነው፣ ሐኪሙም የእግዜር ነው። ለጸሎቱ እኔ እዚህ አለሁ፤ አንቺ ሐኪም ዘንድ ሂጂ» አሉኝ። የሄድሁት እሳቸው ስላዘዙኝ ነው፤ እንጂ ከዚያ ክሊኒክ በኋላ ሐኪም የሚባል ነገር ከልቤ ወጥቶ ነበር።

ሞጣን የመረጥሁት የሚያውቀኝ ሰው ስለሌለ ነው። የእናቴ ታናሽ እህት እታለም ዘውዴም እዚያ ትኖራለች። እናቴ ስትሞት ሕፃን ነበርሁ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሆስፒታል አብራኝ ገባች።

ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ የተደረደርነው ሴቶች ብዙዎቻችን አንድ እጃችን ነጠላ ውስጥ ነው። ማንም ግን በጡቴ መጣሁ አትልም። አንዷ ለግፊት ነው አለች፣ ሌላዋ ለጨጓራ። እኔም ለራስ ምታት ነው አልሁ። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት የሞጣ ሙስሊም ሴት ብቻ «እኔስ በጡቴ ነው፤ መዋሸት ደከመኝ» አለች። ሁላችንም ዞረን አየናት። እሷ ምንም ሳይመስላት ከቦርሳዋ ዳቦ አውጥታ ቆረሰችልኝና ተራዬ እስኪደርስ አብረን በላን። ከዚያ ወዲህ አላገኘኋትም፤ ዛሬ ድረስ ደኅና ትሆን ይሆን እላለሁ።

ዶክተሯ ወጣት ናት። በሩን ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ «ልብስዎን ያውልቁ» አለችኝ። ሁለቱንም ጡቴን፣ ብብቴንም ሳይቀር ዳሰሰች። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። «እናት፣ እህት፣ አክስት፤ ከቤተሰብ በዚህ የታመመ ሰው አለ?»

«የለም» አልሁ፣ ኮራ ብዬ። «ዘራችን ንጹሕ ነው።»

ይህን መልስ የእኛ አገር ሰው ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱትም ይመልሰዋል። ጋብቻ ሲመጣ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። ሲቆጠር ግን በዚያው ሌላ ሌላውም ይጣራል። በዘሩ ቆማጣ አለ ወይ? የሚጥለው አለ ወይ? በምን ሞቱ? ስለዚህ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ሙታኑን አጣጥቦ ነው የሚያስቀምጥ፤ አንዱ በድንገት ሞተ፣ አንዱ በእርጅና፣ አንዱ ምች መታው። የእኔም እናት ምች መታት ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ተድሬበታለሁ፣ ወልጄበታለሁ። እታለም ዘውዴ አጠገቤ ሆና መሬት መሬት ታይ ነበር። ደክሟት መሰለኝ።

በመርፌ ናሙና ወሰዱ፤ ከእብጠቱ ቅንጣት ታህል ወስዶ መመርመር ማለት ነው። ናሙናው ባሕር ዳር ደርሶ ውጤቱ እስኪመለስ መንገድ ተዘጋ። መንገድ የሚዘጋበት ዘመን ላይ ነን፤ በሽታ ደግሞ መንገድ ተዘጋ ብሎ አይጠብቅም። ሲከፈት «ካንሰር» የሚል ወሬ ይዞልኝ መጣ። ሙላት ቃሉን ሲሰማ ሬሳ ያለፈ ይመስል ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ገጠር ያሉንን በሬዎች ሸጦ ባሕር ዳር ወሰደኝ፤ ስለ በሬዎቹ አንድ ቀንም አንስቶብኝ አያውቅም።

ጡቴን ቆረጡት። ቀጥሎ ኬሞ የሚሉት በደም ሥር የሚገባ መድኃኒት መጣ። ጸጉሬ ረገፈ፣ አፌ ቆሰለ፣ ውኃው ሁሉ ብረት ብረት አለኝ። ከቀጠሮዎቼም አንዳንዱን የተዘጋ መንገድ በላው። ሲመሽ የክፍሉ ሴቶች አንዳችን ስናቃስት ሌላችን ቀስቅሰን እናወራ ነበር፤ ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ በርበሬና ስለ ልጆቻችን ባሕርይ። ለቢቸና ሰው «እጢ ወጣላት» ተባለ። እጢ ጥሩ ቃል ነው፤ ለዘር አይተርፍም። ሻሽና ነጠላ ባለበት አገር ደግሞ መላጣዬን ያየ የለም።

ከዚያ ደኅና ሆንሁ። እውነቴን ነው፤ ጸጉሬ ተጠቅልሎ በቀለ፣ ሱቄ ተመለስሁ፣ ሙላትን ከሚዛኑ አባረርሁት። ዓመት አለፈ። ከዚያ ወገቤን ያመኝ ጀመር። ኩንታል ስላነሳሁ ነው አልሁ። ተገላብጦ መተኛት ሲያቅተኝ ግን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁት። አጥንቴ ውስጥ ገብቷል። ከእንግዲህ የሚሰጠኝ መድኃኒት ሕመሙን ለማስታገስ እንጂ ለማዳን አይደለም። ይህን የነገረችኝ ያችው የሞጣዋ ዶክተር ናት፤ ዓይኔን እያየች ነው የነገረችኝ፣ ለዚህ አመሰግናታለሁ።

ነግራኝ እንደጨረሰች «ሴት ልጅ አለችዎት?» አለችኝ።

«አለች፤ ፍቅርተ ትባላለች። ቢቸና አስተማሪ ናት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው።»

«ከእርስዎ ሌላ ከቤተሰብ የታመመ የለም ብለውኝ ነበር። እርግጠኛ ነዎት?»

አፌን ስከፍት አብራኝ የገባችው እታለም ዘውዴ ቀደመችኝ። «አለ» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «እናትሽን የገደላት ምች አይደለም። ጡቷ ቆስሎ ነው። ሁለት ክረምት ተኝታለች። ሽታው ሰው ስለማያስጠጋ ከጓሮ ጎጆ ሠርተንላት ነበር። አንችን ጁቤ ወዳሉት አያቶችሽ የሰደድንሽ እንዳታይ ብለን ነው። የሞተች ቀን አባትሽ ሰብስቦን ‹እነዚህን ሴቶች ማን ያገባልኛል? ምች በሉ› አለን። ምች አልን። እኔም በዚያው ተዳርሁ።»

«እስከ ዛሬ?» አልኋት። «ጡቴ ተቆርጦ፣ ጸጉሬ ረግፎ፣ እስከ ዛሬ?»

«ልናገር ስል ፍቅርተን አስባታለሁ። እሷም ነገ ትዳር ትይዛለች እላለሁ።»

በጣም ተናደድሁ። ማን ላይ እንደምጮኽ ግን አጣሁ። አባቴ የለም፤ እሷ ያሳደገችኝ ናት፣ ተንኮልም የላት። ሴት ልጆቻችን ባል እንዳያጡ ብለን ነው የምንገድላቸው። እናቴን በወጉ ያለቀስሁላት ያን ቀን ነው።

ዶክተሯ እስክንረጋጋ ጠበቀች። ከዚያ ስለ ፍቅርተ የነገረችኝን እንዳለ ልንገራችሁ፤ ገበያ ላይ ስለ ምርመራ የሚወራው ወይ ተአምር ነው ወይ ሟርት። እናቷና አያቷ ታመሙ ማለት እሷም ትታመማለች ማለት አይደለም። የመታመም ዕድሏ ግን ከሌላው ሴት ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሌሎች ከሚጀምሩበት ዕድሜ ቀደም ብላ ሐኪም ብታማክር ጥሩ ነው። በዘሯ የሌለባት ሴትም ትታመማለች፤ እንዲያውም ከሚታመሙት የሚበዙት እንዲያ ያሉት ናቸው። በእጅ የሚዳሰስ ምርመራ አለ፣ አልትራሳውንድ አለ፣ ጡትን ተጭኖ ፎቶ የሚያነሳ ማሞግራም የሚባልም አለ፤ ይህ የመጨረሻው በወጣት ጡት ላይ ጥርት አድርጎ አያሳይም፣ በየከተማውም አይገኝም። እብጠት ከሚገኝባቸው ሴቶች የሚበዙት ካንሰር የለባቸውም። ምርመራ አንዳንዴ የሌለውን አለ ብሎ ያስደነግጣል፣ በከንቱ መርፌ ያስወጋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ያለውን ያልፈዋል። በጊዜ የተገኘ ግን ብዙ ጊዜ ይድናል። የዘገየውን እኔን ማየት ነው።

«በቃ ጎትቼ አመጣታለሁ» አልሁ።

«አይጎትቷት» አለች። «ተጎትታ የመጣች ሴት ሁለተኛ አትመጣም፤ ይህ ደግሞ አንድ ቀን ታይቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የሚያውቁትን ሁሉ ይንገሯት። መምጣት አለመምጣቱን እሷ ትወስን።»

ይህ ሁሉ የሆነው ለፍቅርተ ሽማግሌ በመጣበት ሰሞን ነው። ልጁ የደብረ ወርቅ ልጅ ነው፣ ሞጣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ ይዋደዳሉ። ቀጣዩ ቀጠሮ ዘር የሚቆጠርበት ነበር። ቢቸና እንደተመለስሁ የዶክተሯን ቃል አንድም ሳላስቀር ነገርኋት። የተማሪ ፈተና ታርም ነበር፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«አባዬ ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለ?»

«ድሮም ምች ነው፣ ዛሬም ምች ነው አለ።»

«እማዬ፣ በሞቴ፣ እስከ ሠርጉ ዝም በይልኝ። ከሠርጉ በኋላ የፈለግሽው ቦታ እሄዳለሁ።»

እሽም እንቢም አላልኋት። ከዚያ ወዲህ ግን ጋደም ባልሁ ቁጥር ይኸው ነገር ነው የሚመላለስብኝ። ከሠርግ በኋላ ልጅ ይመጣል፣ ሥራ ይበዛል። ደብቃ የገባችበት ቤት ውስጥ ልመርመር ብላ ስትወጣ ምን ብላ ትወጣለች? እታለም ዘውዴም እኮ በኋላ እናገራለሁ ስትል ነው እኔ የተቆረጥሁት።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ መጡ። በወጉ መሠረት ተቀመጡ እስኪባሉ ቆሙ፤ ተባሉ፣ ተቀመጡ። በእኛ በኩል የሚቆጥሩት የሙላት አጎት አያ ጓሉ ናቸው፤ ሰባት ቤት ማለት ለእሳቸው የቃል ጸሎት ነው። የአባቷን ወገን ጨረሱ፣ ወደ እኔ መጡ፣ ከእኔ ወደ እናቴ ተሻገሩ። «እመት አበበች፣ ደግ ሴት፣ በወጣትነቷ ምች መትቷት» ብለው ወደ አያቴ ሊያልፉ ሆነ። እኔ ጥግ ላይ ትራስ ተደግፌ ተቀምጫለሁ። ከጓዳው መጋረጃ ሥር የፍቅርተ እግር ይታየኛል።

ከእነሱ ወገን አንድ መሪጌታ እጃቸውን አነሱ። «እንግዲህ ወግ ነውና አትቀየሙን። ከዘር የሚወርድ ነገር የለም ወይ?»

«የለም» አለ ሙላት።

«አለ» አልሁ እኔ።

ከትራሴ ቀና አልሁ። «እናቴን የገደላት ምች አልነበረም፣ የጡት ካንሰር ነው። እኔንም እየገደለኝ ያለው እሱው ነው። ልጄ ጤነኛ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉም ጤነኛ ልትሆን ትችላለች። ግን ልመርመር ያለች ቀን ከባሏ ተደብቃ እንድትሄድ አልፈልግም። ይህን አውቃችሁ የምትወስዷት ከሆነ ውሰዷት።»

ሙላት ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። አያ ጓሉ «ኧረ ምን ነካሽ አንች ሴት!» አሉ። መሪጌታው ክፉ ሰው አይደሉም፤ «እግዜር ይማርሽ ልጄ» አሉኝ። ጠላቸውን ጠጥተው፣ መርቀው፣ «እንመካከርበታለን» ብለው ወጡ። «እንመካከርበታለን» ምን ማለት እንደሆነ በቢቸና የማያውቅ የለም። አልተመለሱም። ልጁ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ነበር ይባላል፤ አባቱን ግን አላሸነፈም።

ፍቅርተ አልጮኸችብኝም፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ልብሷን እያጣጠፈች «አንች ትሞቻለሽ፣ እማዬ» አለችኝ። «እኔ ግን ከዚህ አገር ሰው ጋር እኖራለሁ።» ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ሞጣ እታለም ዘውዴ ዘንድ ሄደች። ስደውልላት አታነሳም። «ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ስለዚያ ነገር ግን ቃል አትተነፍስም» ትለኛለች እታለም።

ልክ ነበርሁ? አላውቅም። ዶክተሯ ለልጅሽ ንገሪ አለች እንጂ ለመሪጌታ ንገሪ አላለችም። ፍቅርተ የጠየቀችኝ ዝምታ ነበር፤ የከለከልኋት እኔ ነኝ። ቢሆንም እናቲቱ የእኔ ናት። ሁለተኛ ጊዜ በምች ልገድላት አልቻልሁም።

አሁን ከአልጋ አልወርድም። የሕመም ማስታገሻው ሲገኝ ቀኑ ያልፋል፤ ሲጠፋ ግን የማልለው ነገር የለም፣ እግዜርንም እቀየመዋለሁ። እሞታለሁ፤ ይህን ማለት ከለመድሁት ቆየሁ። ያልለመድሁት ልጄ ከእኔ ጋር ተኳርፋ መሞቴን ነው። ሙላት አልወቀሰኝም፤ ትራሴን ያስተካክልልኛል፣ እግሬን ያሽልኛል፣ ስለዚያ ቀን ግን አናወራም። ከዚያ ወዲህ ሁለት የገበያ ሴቶች ጤፍ ሊገዙ መጥተው፣ ጤፉን ትተው አልጋዬ ድረስ ገብተው «የት ነው የታየሽው?» ብለው በሹክሹክታ ጠይቀውኛል። ነግሬያቸዋለሁ። ለእናንተም የምለው ይኸንኑ ነው። ጡታችሁ ላይ ለውጥ ካያችሁ በነጠላ ላይ የሚያይ ሰው አይብቃችሁ። ምንም ሳይኖራት ልመርመር ወይስ ይቅርብኝ የምትል ደግሞ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ጠይቃ ትወስን፤ ሐኪም መጠየቅ ነውር አይደለም። ከዚያ በፊት ግን አያቶቻችሁ በምን እንደሞቱ ጠይቁ። ምች ነው ካሏችሁ እንደገና ጠይቁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ሙላት አንስቶ አየና ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

«እማዬ» አለች ፍቅርተ።

«ወዬ።»

ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማኛል፤ አንዲት ሴት የባለ ተራ ስም እየጠራች ነው። የት ነሽ ልላት አፌ ላይ ደረሰ፤ ዋጥሁት።

«እማዬ» አለች እንደገና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ሲያዩሽ ያማል?»

«አያምም» አልኋት። «እጃቸው ግን ይቀዘቅዛል።»